«ፖሊሲው አይፈቅድም» ሲሉን የትኛው ፖሊሲ ነው?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ
ከጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል 26 ዓመት ተቀምጫለሁ። በእጅ ጽሑፍ ጀመርሁ፣ ከዚያ በታይፕ ሠራሁ፣ አሁን በኮምፒውተር ነው። የውርስ፣ የቀለብ፣ የድንበር፣ የኪራይ፣ የጡረታ ማመልከቻ በየቀኑ እጽፋለሁ። የምተዳደረው በቃል ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ጉዳቱን ቶሎ አየዋለሁ፣ ምክንያቱም የተጎዳው ሰው መጥቶ ፊቴ ይቀመጣል።

የምጽፍላችሁ ስለ «ፖሊሲ»፣ በተለይም «የሕዝብ ፖሊሲ» ስለሚባለው ነው። ባለፈው እትማችሁ ቃሉን ሁለት ቦታ አየሁት። አንዱ ስለ ግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ተከራካሪዎች ከፍርድ ቤት ውጭ በመረጡት ዳኛ ስለሚያገኙት ውሳኔ፣ በወጣው ዜና ላይ ነው። ውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ «የሕዝብ ፖሊሲን» የሚቃረን ከሆነ ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም ይላል። ሌላው ስለ ትምህርት በተጻፈ ሐተታ ውስጥ ነው። «የሕዝብ ፖሊሲ በጥናት ላይ መመሥረት አለበት» ይላል። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሁለት ነው። ልዩነቱን ግን ማንም አልነገረን። አንባቢ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰበኝ ላስረዳ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ውል በሟች ስም ስለሆነ ወደ እሳቸው ስም እንዲዞርላቸው ይፈልጋሉ። መቀነታቸውን ፈትተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የኪራይ ደረሰኝ ነው። የታችኞቹ ቀለማቸው ለቆ ቁጥሩ እንኳ በደንብ አይታይም። በየዓመቱ በክር ታስሯል። አንድም ወር አልጎደለም።

«ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ሄጄ መልሰውኛል» አሉኝ። «ፖሊሲው አይፈቅድም አሉኝ።»

«የትኛው ፖሊሲ እናቴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ፖሊስ ከልክሏል ማለታቸው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ደጃቸውን አልረገጥሁም። ፖሊስ የገባበት ነገር ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

አንጀቴን በሉት። ስምንት ወር ሙሉ ቤታቸውን እንዳይነጠቁ ፈርተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ኪራዩን በልጃቸው እጅ እየላኩ ኖረዋል። ምንም ጥፋት የለባቸውም። ያስፈራቸው አንድ ቃል ነው።

አብሬያቸው ሄድሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ ሠራተኛውንም አልወቅስም። ጨዋ ልጅ ነው። ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። «ጋሼ፣ ከላይ የወረደ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ» አለኝ። «እሺ፣ የወረደውን አሳየኝ» አልሁት። መሳቢያውን ከፈተ፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ ጎረቤቱን ጠየቀ። አልተገኘም። በመጨረሻ ኃላፊዋ ዘንድ ገባን። እሷ ፋይሉን ገለጥ አድርጋ «የሚስትነት ማስረጃ የለውም እኮ» አለች። በቃ፣ የጎደለው እሱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ያው ምስክር ቆጥረን ከፍርድ ቤት አውጥተን አመጣን። ፖሊሲ የተባለው አንድ የጎደለ ወረቀት ነበር።

ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ ቢሆን አልጽፍም ነበር። «ፖሊሲው አይፈቅድም» የሚለውን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከባለጉዳይ አፍ እሰማዋለሁ። ሲመረመር አንዳንዴ መመሪያ ነው። አንዳንዴ የቃል ትእዛዝ ነው። አንዳንዴ የጎደለ ማስረጃ ነው። አንዳንዴም ከነጭራሹ ምንም የለም። እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ እውነተኛ ፖሊሲ ሆኖ አላገኘሁትም።

ታዲያ እውነተኛው ፖሊሲ ምንድን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እዚሁ ጎንደር ካለ ነገር ልነሣ።

እናቴ የደምቢያ ሰው ናት። በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ላይ የገባውን ወረርሽኝ በልጅነቷ አይታለች። እሷ «ንዳድ» ነው የምትለው፣ እኛ ወባ እንለዋለን። ቀባሪ ጠፋ ትለን ነበር። ከቤታቸው ሁለት ወንድሞቿን ወስዷል። በዚያን ጊዜ የአገራችን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ እነሱም ከተማ ውስጥ ነው ያሉት። መንግሥት ፊት የተለያየ መንገድ ነበር። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ይቻላል። ከውጭ ሐኪም መለመን ይቻላል። ወይም ደግሞ በአጭር ጊዜ የሚሠለጥን፣ ገጠር ወርዶ በሽታን ከመነሻው የሚከላከል ባለሙያ ማፍራት ይቻላል። የተመረጠው ሦስተኛው ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጎንደር ላይ ተከፈተ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን የተነሣው ከዚያ ነው። ጤና መኰንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ላይ ሠልጥነው እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት፣ ምርጫው ግን የአገሪቱ ነበር።

ፖሊሲ ማለት ይህ ነው። የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ሰው የሆነ ችግር አለ። ሥልጣን ያለው አካል አለ። ብዙ መንገድ አለ። ከብዙው አንዱ ይመረጣል። ለተመረጠው መንገድ ገንዘብ፣ ሰውና ጊዜ ይመደባል። ከዓመታት በኋላ «በጀን ወይስ አልበጀንም» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ትልቁ ነው። ሊጠየቅ የማይችል ነገር ፖሊሲ ሊባል አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ቅርብ ጊዜ ያለውን ደግሞ እንውሰድ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን በደመወዝ ቀጥሮ አስገባ። ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ነበሩ። ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሐኪም ቤቱ ሰው እስኪመጣለት መጠበቁን ትቶ ወደ ሰው ቤት ይሂድ ተባለ ማለት ነው። ይህም ምርጫ ነው። ወረዳ ላይ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ልጇን ጤና ጣቢያ የወለደችው አንዷ ጤና ኤክስቴንሽን ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ ስለወተወተቻት ነው። ፖሊሲው በር ድረስ በጫማ መጣ ማለት ይቻላል።

አለማድረግም ፖሊሲ ሊሆን ይችላል። መንግሥት አንድን ችግር እያየ «አልገባበትም» ብሎ ቢወስን እሱም ምርጫው ነው፣ እሱም ይጠየቅበታል። ይህን የምለው ብዙ ሰው ፖሊሲ ማለት የታተመ መጽሐፍ ብቻ ስለሚመስለው ነው። መጽሐፍ ሆኖ የሚወጣም አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቀጭን ጥራዝ ነው። ያ ቀጭን ጥራዝ ግን የእያንዳንዳችንን ቤት አንኳኩቷል። ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መሰናዶ ብሎ ከፋፈለው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን አለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የመጣው በዚያ ነው። ትልቋ ልጄ ለዚያ ፈተና ስትዘጋጅ ሌሊት ሌሊት ሻማ እያበራሁላት ነው ያለፈችው። ትንሹ ልጄ ሲደርስ ፈተናው ቀርቷል። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ ሁለት ፖሊሲ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር ወረቀት ነው። ፖሊሲ አቅጣጫ ነው። ወዴት እንደምንሄድና ለምን እንደምንሄድ ይናገራል። በራሱ ግን ሰውን አይከለክልም፣ አይቀጣም፣ መብት አይነሣም። መከልከልና ማስገደድ የሕግ ሥራ ነው። አዋጁን ምክር ቤት ያወጣል። ደንቡን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በክልል ደግሞ የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት ያወጣል። መመሪያውን መሥሪያ ቤቱ ያወጣል፣ ያውም አዋጁ ወይም ደንቡ ሥልጣን ሲሰጠው ነው። የፌዴራሉ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፣ የክልላችን በዝክረ ሕግ። ቁጥር አለው፣ ዓመት አለው፣ አንቀጽ አለው። ማመልከቻዬ ላይ ቁጥሩን መጥቀስ እችላለሁ። ዳኛውም ገልጦ ያየዋል። ከዚያ በታች ሰርኩላርና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመጣል። ከሁሉ በታች «አለቃዬ እንዲህ ብሎኛል» አለ። ባለጉዳይ ፊት ግን ሁሉም አንድ ስም ነው ያላቸው፣ ፖሊሲ።

ስሙ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። «መመሪያ ቁጥር ይህን ያህል» ካልህ ሰውየው «አሳየኝ» ይልሃል። «ፖሊሲ» ካልህ ግን ትልቅ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ከላይ ነው። የማይታይ ነገር ደግሞ አይከራከሩትም። ጎንደር በነገሥታቱ ዘመን ከባድ ነገር ሲመጣ ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥቱን ገልጠው የሚያነቡባት ከተማ ነበረች። ፍርዱ ከባድ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከመጽሐፍ ተነቦ ነው። ዛሬ አንዲት እናት የሚፈረድባቸው ማንም ባላነበበው ነገር መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሕገ መንግሥቱ ራሱ ቃሉን በጥንቃቄ ነው የተጠቀመበት። ምዕራፍ 10ን ብታዩት «የብሔራዊ ፖሊሲ መርሆዎችና ዓላማዎች» ይላል። ከአንቀጽ 85 እስከ 92 ድረስ ነው፣ ስለ ውጭ ግንኙነት፣ ስለ መከላከያ፣ ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ባህል፣ ስለ አካባቢ። በአንቀጽ 77 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የልማት ፖሊሲዎችን ይነድፋል። በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጠቃላዩን ያጸድቃል። ክልልም የራሱን ያወጣል። እኔ በቀይ ያሰመርሁበት ግን አንቀጽ 43 ነው። ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ልብ በሉ። በሕጉ መሠረት ፖሊሲ ማለት ባለጉዳይዋ ሐሳቧን የምትጠየቅበት ነገር ነው። በመስኮቱ በኩል ግን አፏን የምትዘጋበት ነገር ሆኗል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥሩ አዋጅ አለ፣ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ያሳውቅ፣ አስተያየት ይቀበል፣ ሲጸድቅ ይመዝገብ፣ ይፋ ያድርግ ይላል። የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው፣ እኛ ቀበሌ ድረስ አይደርስም። መንፈሱ ግን ቢደርስ ምን ነበረበት? ይፋ ያልሆነ ነገር ሰው ላይ አይሥራ ማለት ነው።

አሁን «የሕዝብ» ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ጋዜጣችሁን ጨምሮ ሁላችንም እንቸገራለን። እንግሊዞቹ ከፖሊሲ ፊት የሚያስቀምጡት «ፐብሊክ» የሚለው ቅጽል «ሁሉን የሚመለከት» ማለት ነው። እኛ «የሕዝብ» ስንል ግን የባለቤትነት ነው የሚመስለው። የሕዝብ ማመላለሻ ስንል ሕዝብ የሚሳፈርበት ነው። የሕዝብ አስተያየት ስንል ሕዝብ የሰጠው ነው። ታዲያ «የሕዝብ ፖሊሲ» ሕዝብ ያወጣው ነው ወይስ ሕዝብ ላይ የሚወጣው? አንባቢ በራሱ ይተርጉመው ተብሎ ተትቷል።

ሌላም መደናገሪያ አለ። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፣ ሬዲዮ ሲሰማ ቆይቶ «ይኼ የሕዝብ ፖሊሲ የሚሉት የወሊድ መቆጣጠሪያው አይደለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አለ። እሱ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያወራ ነው። «የሥነ ሕዝብ» እና «የሕዝብ» በአንዲት ቃል ብቻ ነው የሚለያዩት። የተማረ ሰው እንዲህ ከተምታታበት ሌላው እንዴት ይሁን?

ፖሊሲ የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ ነው የመጣው። ከተማ ማለት «ፖሊስ» ነው። ከዚያ ሥር ፖለቲካም ወጣ፣ የምናውቀው ፖሊስም ወጣ፣ ፖሊሲም ወጣ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ደረሰኝ ይዘው የመጡት እናት ፖሊስ ቢመስላቸውም በዘሩ አልተሳሳቱም። ፈረንሳዮች ፖለቲካንም ፖሊሲንም በአንድ ቃል ይጠሩታል። እኛ ግን ለየብቻ ይዘናቸዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ፖለቲካ ማን ሥልጣን ይያዝ የሚለውን ይመለከታል። ፖሊሲ የተያዘው ሥልጣን ምን ይሥራበት የሚለውን ይመለከታል። «የትኛው ፖሊሲ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ፖለቲካ ውስጥ አልገባም። ስለ ውሃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቤቱ ነው የጠየቀው። እዚህ ከተማ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን የሚሞላ ሰው ስለ ውሃ ፖሊሲ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን መለየት ብንችል ብዙ ሰው ያለ ፍርሃት ይጠይቃል።

የኢንሹራንሱ ፖሊሲ ደግሞ ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። በአጋጣሚ ነው የተመሳሰሉት። እሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ከሥሩ «ማስረጃ» ማለት ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከአደጋ በኋላ መጥቶ «ፖሊሲዬ አለ፣ መንግሥት ይክፈለኝ» ብሎኝ ነበር። የሦስተኛ ወገን ውሉን ነው የያዘው። ውሉን ከኩባንያው ጋር እንደተዋዋለ አስረድቼ ወደ ኩባንያው ጻፍሁለት። የኢንሹራንስ ፖሊሲ የሁለት ወገን ውል ነው፣ ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር አይገናኝም።

የቀረው የፍርድ ቤቱ ነው። ይህ ነው በዜናችሁ ላይ የወጣው። እሱንም በራሴ ጠረጴዛ ባየሁት ነገር ላስረዳ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት አባቶች ከገጠር መጡ። ጋቢያቸው ንጹሕ ነው፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ልጅና ልጅ ሊያጋቡ ነው። ጥሎሹን፣ የሚሰጠውን በሬ፣ የሚያርሱትን መሬት ሁሉ ተስማምተው ጨርሰዋል። ወረቀት እንድሠራላቸው ነው የመጡት። «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አልሁ። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው «ለፋሲካ 14 ትገባለች» አሉ። ብዕሬን አስቀመጥሁ። «አባቴ፣ ይህን አልጽፍም» አልኋቸው። «ለምን? እኔ አባቷ ፈቀድሁ፣ እሱ ፈቀደ፣ ማንን በደልን?» አሉኝ። እንደ መሰላቸው ቅን ሰው ናቸው። «እናንተ ሁለታችሁ ብትስማሙም አገሩ አልተስማማም» አልኋቸው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች አይፈቅድም። ብጽፈውም ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ወንጀልም ነው። ብዙ ተከራከርን። ሻይ አዘዝሁ። በመጨረሻ ወረቀቱን ሳያጽፉ ሄዱ። ልጅቷ ትምህርቷን ቀጥላ እንደሆነ ከዚያ መንደር ሰው ሲመጣ እጠይቃለሁ።

«አገሩ አልተስማማም» ያልሁት ነገር ነው ዳኞቹ በእንግሊዝኛ «ፐብሊክ ፖሊሲ» የሚሉት፣ በዜናችሁም «የሕዝብ ፖሊሲ» የተባለው። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው የፈለጉትን ይዋዋላሉ። ግን የኅብረተሰቡን መሠረት የሚነካ ውል ከሆነ ሕጉ እጁን አያበድርም። ፈረንሳዮች በ1804 እ.ኤ.አ. ባወጡት የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕዝብን ሥርዓትና መልካም ጠባይን በግል ውል መሻር አይቻልም ብለው ጻፉ። የእኛን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዴቪድ ናቸው። ስለዚህ በእኛም ሕግ አንቀጽ 1716 ላይ ሕገ ወጥ የሆነ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል አይጸናም። «መልካም ጠባይ» ምን ያህል የሚያምር አማርኛ ነው! ፖሊሲ የሚል የለበትም። የሚፈለገውን ግን ያለ ችግር ይናገራል።

የግልግሉም ነገር ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የኒው ዮርክ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገ ነው። ውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ እንዲፈጸም ያስገድዳል፣ ነገር ግን የአገሩን መሠረታዊ ሥርዓት የሚያፈርስ ከሆነ ፍርድ ቤት እምቢ ማለት ይችላል። የዜናችሁ አንባቢ ግን ምን ተረዳ? የመንግሥትን የኢንቨስትመንት ፖሊሲ ወይም የግብር ፖሊሲ ያልተከተለ ውሳኔ ሁሉ ይሰረዛል ብሎ ተረዳ። ለባለ ሀብቱም ለዳኛውም አደገኛ ነው። መንግሥት ፖሊሲውን ነገ ሊቀይር ይችላል። መልካም ጠባይ ግን በካቢኔ ስብሰባ አይቀየርም።

ሕግ የተማረችው ልጄ አንድ ነገር ነግራኛለች። እ.ኤ.አ. በ1824 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ ይህን የፍርድ ቤት ጽንሰ ሐሳብ ያልተገራ ፈረስ ነው ብለውታል፣ አንዴ ከተቀመጥህበት ወዴት እንደሚወስድህ አታውቅም። እኔም ሰምቼ አልረሳሁትም። ዳኛው በጥንቃቄ ካልያዘው ያልወደደውን ውል ሁሉ በዚህ ስም ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ጠባብ ሆኖ መያዝ አለበት። ስሙን ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር ካቀላቀልነው ግን ጭራሽ ይሰፋል።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው ብዙ አይደለም። ስለ መንግሥት ምርጫ ስትጽፉ «የመንግሥት ፖሊሲ» በሉ፣ የየትኛው ዘርፍ እንደሆነም ጨምሩ። የትምህርት፣ የጤና፣ የመሬት። ስለ ፍርድ ቤቱ ስትጽፉ «የሕዝብ ሥርዓትና መልካም ጠባይ» በሉ። አማርኛው አለን፣ ሕጋችን ውስጥ 60 ዓመት አልፎታል። መሥሪያ ቤት ወይም ሱቅ ለራሱ ያወጣውን ደግሞ «የቤቱ ደንብ» በሉት። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ባለ ሱቅ ፖሊሲ የለውም፣ ደንብ ነው ያለው። አንድ ኃላፊ ደግሞ ለሪፖርተራችሁ «ፖሊሲው አይፈቅድም» ካለ እባካችሁ እንዳለ አታትሙት። «የትኛው? ቁጥሩ ስንት ነው? የት ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን አብራችሁ አትሙ። መልስ ካልሰጠ መልስ አልሰጠም በሉ። እናንተ ስትጠይቁ ባለጉዳዩም መጠየቅ ይለምዳል።

እኔ በበኩሌ ከጥር ጀምሮ በምጽፈው ማመልከቻ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ «ጥያቄዬ ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነ የተከለከልሁበት አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ቁጥሩና አንቀጹ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ተጨማሪ ገንዘብ አላስከፍልበትም። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ቅር ይለዋል። አንዳንዱ ግን መልስ ይጽፋል። እስካሁን ሰባት የጽሑፍ መልስ በእጄ አለ። ከሰባቱ ሦስቱ ላይ «ፖሊሲ» የሚለው ቃል ወጥቶ የመመሪያ ቁጥር ገብቷል። አራቱ ላይ ደግሞ ክልከላው ራሱ ቀርቶ «የሚከተለውን ማስረጃ አሟልተው ይቅረቡ» ተብሏል።

የቤቱ ውል ጉዳይ የነበረባቸው እናት ባለፈው ሳምንት አዲሱን ውል ይዘው መጡ። ፎቶ ኮፒ አንሥተን አንዱን ከደረሰኞቹ ጋር በዚያው ፌስታል ጠቀለሉት። ከዚያ ጎረቤታቸውን አስገቡ። እሷም ሦስት ጊዜ ፖሊሲ አይፈቅድም ተብላ የተመለሰች ናት። የእሷን ሰኞ ጠዋት እጽፍላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከጎንደር